ሰውነታችን ስለ ለበሰው ስስ ልብስ

በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ ስፖርት ውድድር ብዙ መልካም ነገር ይጻፋል። እኔ ዘንድሮ የመረጥሁት ርእስ ግን ኤፒተልየም የሚባለው ነው። ይህን ስም ሲያዩ ወደሚቀጥለው ገጽ ለማለፍ የሚቸኩሉ እንደሚኖሩ አላጣሁትም፤ ነገር ግን ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። ገጹን የሚገልጠው ጣት፣ ፊደሉን የሚያየው ዐይን፣ በዚህ ሰዓት አየር የሚስበው ሳንባ፣ ምሳችንን የሚፈጨው ሆድ ሁሉም የተሸፈኑት በዚሁ ነገር ነውና። ከዚህም ሌላ ርእሱን የመረጥሁት ለፈተና ብቻ ስለ ተማርሁት አይደለም፤ በቤተ ሰቤ ውስጥ የአንድ ሰው የዐይን ብርሃን የተንጠለጠለበት ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት አለብኝ።

ኤፒተልየም ማለት የአካላችንን የውጭ ገጽና በውስጣችን ያለውን ቧንቧና ክፍተት ሁሉ የሚያለብስ፣ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው በተገጣጠሙ ሕዋሳት የተሠራ ንጣፍ ነው። እንደሚታወቀው ሕዋስ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚገነባበት ትንሹ ክፍል ነው፤ በአንድ ሥራ የተሰማሩ ሕዋሳት ሲሰባሰቡ ኅብረ ሕዋስ ይባላሉ። በሰው አካል ውስጥ ያሉት ኅብረ ሕዋሳት በአራት ነገድ ይከፈላሉ፤ አንደኛው ይህ የሚያለብሰው፣ ሁለተኛው እንደ አጥንትና እንደ ጅማት ያለው አያያዡ፣ ሦስተኛው ጡንቻ፣ አራተኛው ነርቭ ነው። ከአራቱ መካከል ከውጭው ዓለም ጋር ፊት ለፊት የሚጋጠመው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እንጀራም ሆነ አየር ወደ እኛ የሚገባው፣ ላብም ሆነ ሽንት ከእኛ የሚወጣው በእርሱ በኩል አልፎ ነው። እንዲያውም ነገሩን ጠበቅ አድርገን ካሰብነው፣ የበላነው ምግብ በአንጀታችን ውስጥ ሳለ ገና ከእኛ ውጭ ነው፤ የእኛ የሚሆነው የአንጀታችንን ኤፒተልየም ተሻግሮ ወደ ደም ሲገባ ነው። መምህራችን ይህን የነገሩን ቀን ምሳዬን የበላሁት በተለየ ስሜት ነበር።

ቃሉን የፈጠረው ፍሬድሪክ ሩይሽ የተባለ የሆላንድ የአካል ጥናት ሊቅ ሲሆን፣ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነው። ስሙ የተገጣጠመው ከሁለት የግሪክ ቃላት ነው፤ አንዱ «ላይ» ሌላው «የጡት ጫፍ» ማለት ነው። ይህ በተነገረ ጊዜ ክፍላችን በሳቅ ስለ ተሞላ ትምህርቱ ለጥቂት ደቂቃ ተቋርጦ ነበር። ከሩይሽ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣቪዬ ቢሻ በ1801 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን አካል በ21 ዓይነት ኅብረ ሕዋሳት ከፈለው። የሚያስደንቀው ግን ቢሻ በማይክሮስኮፕ የማያምን ሰው መሆኑ ነው፤ ይህን ሁሉ የለየው ሬሳ እየከፈተ፣ ሥጋውን እየቀቀለና እያደረቀ በገዛ ዐይኑ ተመልክቶ ነው። በተከታዩ ዓመት ገና በ30 ዓመቱ ሞተ። የዛሬዎቹ ሊቃውንት ሃያ አንዱን ወደ አራት አጥፈውታል፤ ዳሩ ግን አካልን በየብልቱ ሳይሆን በተሠራበት ጨርቅ ዓይነት መመልከትን ያስተማረ እርሱ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። የኤፒተልየም ሕዋሳት በመካከላቸው ክፍተት የላቸውም ለማለት ይቻላል፤ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ጎን ለጎን ተጋጥመው እርስ በርሳቸው በጥብቅ ተያይዘዋል። አንደኛው ፊታቸው ነጻ ሆኖ ወደ ውጭ ወይም ወደ ክፍተቱ ይመለከታል፤ ሁለተኛው ፊታቸው ከሥር ባለች እጅግ ስስ ንጣፍ ላይ ተጣብቋል። የደም ሥር በመካከላቸው አይገባም። ሲሳያቸውን የሚያገኙት ከንጣፊቱ በታች ካለው አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ወደ ላይ እየሰረገ በሚመጣላቸው ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ነገር ሁላችንም በልጅነታችን ሠርተናል። በጣታችን ጫፍ ላይ ከላይኛው ቆዳ ሥር መርፌ አሳልፈን «እዩ፣ አይደማም!» እያልን ጓደኞቻችንን እናስደንቅ አልነበረምን? መርፌው ያለፈው በኤፒተልየሙ ውስጥ ብቻ ስለ ሆነ ደም የለም፣ ሕመሙም ከቁጥር አይገባም። ጥቂት ጠለቅ ካለ ግን ጨዋታው በጩኸት ያበቃል። (ይህን ጨዋታ ለታናናሾቻችን አልመክርም፤ መርፌ የብዙ በሽታ መተላለፊያ ነውና።)

ሌላው ጠባያቸው ያለ ማቋረጥ መታደሳቸው ነው። በአንጀታችን ውስጥ ያሉት ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይተካሉ፤ በቆዳችን ላይ ያሉት ከሥር ተወልደው ከላይ እስኪረግፉ ድረስ አንድ ወር ያህል ይፈጅባቸዋል። ገላችንን ስንታጠብ እየተጠቀለለ የሚወርደው እድፍ፣ ከራሳችን ላይ የሚረግፈው ፎረፎር አብዛኛው የእነዚሁ የሞቱ ሕዋሳት ቅርፊት ነው።

ስለ አከፋፈሉ መጽሐፉ ብዙ ስም ይደረድራል፤ በእኔ አስተያየት ግን ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል። ስንት ረድፍ ነው? ቅርጹስ ምን ይመስላል? አንድ ረድፍ ከሆነ ነጠላ፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ድርብርብ ይባላል። ቅርጹም ሦስት ዓይነት ነው፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ፣ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን፣ ወይም አንድ ላይ እንደ ታሰረ ጧፍ ረዘም ያለ ዓምድ። ድርብርብ በሆነ ጊዜ ስሙ የሚወጣለት በላይኛው ረድፍ ቅርጽ ነው፤ ከሥር ያሉት ምንም ዓይነት ቢሆኑ አይጠየቁም። ይህ ደንብ መጀመሪያ ሳየው አድሏዊ መስሎ ታይቶኝ ነበር።

ስሞቹን በቃል ማጥናት አሰልቺ ነው፤ ሥራቸውን ካወቁ በኋላ ግን ስማቸው ራሱ ይመጣል። ነገር ቶሎ እንዲያልፍበት በሚፈለግበት ቦታ ነጠላና ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በሳንባችን የአየር ከረጢቶች ውስጥ አየርንና ደምን የሚለያየው ግድግዳ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። መምጠጥና ማመንጨት በሚያስፈልግበት በአንጀት ውስጥ ሕዋሱ ለመሣሪያው ሁሉ ቦታ ስለሚያስፈልገው ዓምድ ይሆናል። መፈተግና መቧጨር በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ድርብርብ ይሆናል፤ የላይኛው ረድፍ ቢፋቅ ከሥር ሌላ አለና። የአፋችን፣ የጉሮሮአችንና የቆዳችን እንዲህ ነው። በአፋችን ያለው ርጥብ ሲሆን በቆዳችን ያለው ግን ኬራቲን በሚባል፣ ከጥፍርና ከቀንድ ጋር በሚዛመድ ጠንካራ ነገር ተሞልቶ ደርቋል። በእግር መርገጫ ላይ ይህ ሽፋን ከ1 ሚሊሜትር በላይ ሊወፍር ይችላል፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ ተረከዝ እንዴት እንደሚጠነክር ላየ ሰው ማስረጃ አያሻውም።

በቤተ ሙከራችን ውስጥ ያየሁት የመጀመሪያው ኤፒተልየም የራሴው ነው። የጉንጬን ውስጥ በጥርስ መፋቂያ ፋቅ አድርጌ በመስታወት ላይ ቀባሁትና አንድ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ ተጨመረበት። ማይክሮስኮፑ ለብዙ ተማሪ አንድ ስለ ነበረ ለእያንዳንዳችን የደረሰን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም ነበር። ያየሁትም ጠርዛቸው እንደ ተቀደደ ወረቀት የሆነ፣ በመካከላቸው ሰማያዊ ነጥብ ያለባቸው ጠፍጣፋ ነገሮች ናቸው። ጓደኛዬ ከኋላዬ ሆኖ ይገፋኝ ስለ ነበር ከዚህ የበለጠ መግለጫ ለመስጠት አልችልም።

የበለጠ የተማርሁት ከቤተ ሙከራው ይልቅ በፋሲካ ዋዜማ በጓሮአችን ነው። ምክንያቱም በግ በታረደ ጊዜ ኤፒተልየም ያለ ማይክሮስኮፕ በእጅ ይዳሰሳል። የሚያመነዥጉ እንስሳት ሆድ አራት ክፍል ነው። ከእነዚህ ውስጥ እናቴ ለዱለት የምታዘጋጀው ጨጓራ እንደ ፎጣ ጠጕራም ነው፤ ሽንፍላው ደግሞ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ነው፤ በየቅጠሉ መካከል የተሸጎጠው ፈርስ እናቶችን ምን ያህል እንደሚያደክም የማያውቅ የለም። ሁለቱም የተሸፈኑት እንደ እግራችን መርገጫ በደረቀ ድርብርብና ጠፍጣፋ ኤፒተልየም ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ገለባና እሾኽ የሚታሽበት ቦታ ነውና። እናቴ ጨጓራውን በሙቅ ውሃ ነክራ ስትፍቀው ጥቁሩ ገፈፍ ብሎ ነጩ ሥጋ ይቀራል፤ ያ የተገፈፈው ጥቁር ነገር ኤፒተልየሙ ነው። ወደ አራተኛው ክፍል ሲመጡ ግን ሌላ ነው። ለስላሳና የሚያሟልጭ፣ አሲድ የሚያመነጭ፣ በነጠላ ዓምድ መሰል ሕዋሳት የተሸፈነ ነው፤ የእኛ የሰዎቹ ጨጓራ የሚመስለውም ይህንኑ ነው። በአንድ በግ ሆድ ውስጥ፣ በአንድ ስንዝር ርቀት፣ መርገጫና ጓዳ ተዋስነው ይገኛሉ። እናቴ እኔ ሆዱን እየገለበጥሁ ስመራመር አይታ «ተመራማሪው፣ ወይ ያዝ ወይ ልቀቅ» ስላለችኝ ምርምሬ በዚሁ ተፈጸመ።

እዚሁ ላይ ስለ ብራና አንድ ነገር ላንሣ። የጥንት መጻሕፍታችን የተጻፉበት ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። ነገር ግን ብራና ፋቂው ቆዳውን ወጥሮ በአንድ በኩል ሥጋውንና ስቡን፣ በሌላው በኩል ጠጕሩን ከነላይኛው ሽፋን ይልገዋል። ስለዚህ ለዘመናት ቀለም የያዘው ከኤፒተልየሙ ሥር ያለው አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ነው እንጂ ኤፒተልየሙ አይደለም። ኤፒተልየም የሚረግፍ እንጂ የሚቆይ ነገር አይደለም።

በአየር ቧንቧችን ውስጥ ያለው ዓይነት ሐሰተኛ ድርብርብ ይባላል። ስሙ እንደ ስድብ ቢሰማም ምክንያት አለው። ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ስንሰለፍ ከጎን ሆኖ ያየን ሰው የአንዱን ራስ ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ ብሎ ስለሚያገኘው በሁለት በሦስት ደረጃ ላይ የቆምን ሊመስለው ይችላል፤ እግራችን ግን የሁላችንም መሬት ላይ ነው። እነዚህም ሕዋሳት እንዲሁ ሁሉም ከሥር ያለችውን ንጣፍ ይረግጣሉ፤ ከፍታቸው ስለሚለያይ ብቻ ድርብርብ ይመስላሉ። በብዙዎቹ ራስ ላይ ሲሊያ የሚባሉ ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ፤ በመካከላቸውም እንደ ዋንጫ የሆኑ ንፍጥ አመንጪ ሕዋሳት ጣልቃ ይገባሉ። አቧራና ጥላሸት በንፍጡ ይያዛል፤ ሲሊያዎቹም በአንድ ሴኮንድ ከአሥር ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ ወደ ጉሮሮ ይጠርጉታል። ማድ ቤት ውስጥ ኩበት ሲነድ ያመሸ ሰው በማግስቱ ንፍጡ ጥቁር የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ጠራጊዎቹ ሌሊቱን ሲሠሩ ማደራቸው ነው።

ነገር ግን ጢሱ በየቀኑ ለዓመታት ሲመላለስ ጠራጊዎቹ ይሸነፋሉ። ሲሊያዎቹ ይረግፋሉ፤ ሕዋሳቱም ቀስ በቀስ ጠፍጣፋና ድርብርብ በሆኑ ሕዋሳት ይተካሉ። ይኸውም አካል ቦታው መፈተግ የበዛበት መስሎት ጠንካራውን ልብስ ያለብሰዋል። የሚለብሰው ልብስ ጢሱን ይቋቋማል እንጂ መጥረግ አይችልም። ከዚያ ወዲያ አክታን ለማውጣት የሚቀረው መንገድ ሳል ብቻ ነው። ሲጃራ የሚያጨስ ሰውም የሚደርስበት ይኸው ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት የምትስለውን ሳል ከልጅነቴ ጀምሬ እንደ ቤታችን ድምፅ አድርጌ ስለምቈጥረው፣ ይህን ባነበብሁ ቀን ማታ ሳሏን ስሰማ አዲስ ነገር የሰማሁ ያህል ሆነብኝ። አባቴም ነገሩን ሲረዳ ለማድ ቤቱ ጣራ ጢስ ማውጫ አበጀለት፤ በስተ ሰሜን ያለውም መስኮት ሰፋ።

ስለ ሽንት ፊኛ ብዙ አልልም። በእርሱ ውስጥ ያለው ዓይነት ተለዋዋጭ ይባላል፤ ፊኛው ሲጎድል ሕዋሳቱ ተደራርበው ይወፍራሉ፤ ሲሞላ ይለጠጣሉ፤ አንድም ጠብታ ግን ወደ ኋላ አያሳልፉም። የሦስት ሰዓት ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ ለዚህ ኤፒተልየም ያለውን ባለውለታነት ያውቃል። ዕጢዎችም ኤፒተልየም ናቸው፤ ሽፋኑ ወደ ውስጥ እየሰመጠ ላብ፣ ምራቅ፣ እንባና ወተት የሚያመነጭ ጓዳ ይሆናል። አንዳንዱ ከላይ ካለው ሽፋን ፈጽሞ ተለይቶ ምርቱን በቀጥታ ለደም ይሰጣል፤ አዮዲን በጎደለ ጊዜ አብጦ እንቅርት የሚሆነው የአንገት ዕጢ ከዚህ ወገን ነው። ስለ አንጀት ስፋት በድሮ መጻሕፍት የቴኒስ ሜዳ ያህላል ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለት የስዊድን አጥኚዎች እንደ ገና ለክተው የምግብ ቧንቧው በሙሉ 32 ካሬ ሜትር ያህል መሆኑን አሳይተዋል። ይህም ከአንድ ትንሽ መማሪያ ክፍል ወለል ጋር ይተካከላል፤ በበኩሌ ከቴኒሱ ሜዳ ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስደንቀኛል፤ እውነት ነውና።

ወላጆች ሊያውቁት ስለሚገባ ስለ ካንሰርም አንድ ቃል መናገር ግድ ነው። በጎልማሶች ላይ ከሚታዩት ከአሥሩ ካንሰሮች ስምንት ወይም ዘጠኙ የሚነሡት ከኤፒተልየም ነው። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ዘወትር የሚከፋፈልና ጢሱን፣ ፀሐዩን፣ ቫይረሱን በመጀመሪያ የሚቀበል እርሱ ነው። በተለይ ሁለት ዓይነት ኤፒተልየም በሚዋሰኑበት ወሰን ላይ አደጋው ይበረታል። የማሕፀን በር ካንሰር የሚጀምረው ዓምድ መሰሉና ጠፍጣፋው በሚገናኙበት ስፍራ ነው። የ14 ዓመት ልጃገረዶች ይህን የሚከላከል ክትባት በአገራችን መከተብ የጀመሩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ክትባቱ ያመክናል የሚል ወሬ ይወራ ስለ ነበር ከትምህርት ቤት የቀሩ ነበሩ፤ ክትባቱ የሚጠብቀው ግን ያንኑ ወሰን ነው።

ወደ ዐይን እንመለስ። ከብሌናችን ፊት እንደ መስታወት የተጋረደው ጥርት ያለ ክፍል ኮርኒያ ይባላል። በላዩ ያለው ኤፒተልየም ከአምስት እስከ ሰባት ረድፍ ያለው ጠፍጣፋና ድርብርብ ነው፤ ጠቅላላ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ሃያኛ ያህል ብቻ ነው። ብርሃን እንዲያልፍ መጥራት ስላለበት የደም ሥር የለውም፤ ሌላው ቆዳችን እንደሚደርቀውም አይደርቅም፤ በእንባ እንደ ራሰ ይኖራል። የነርቭ ጫፍ ግን እንደ እርሱ የበዛበት የአካል ክፍል የለም ይባላል፤ አንዲት ቅንጣት አቧራ ስትገባ የምንሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ልጆች ቫይታሚን ኤ ባጡ ጊዜ ይህ ርጥብ ሽፋን እንደ ቆዳ መድረቅ ይጀምራል። ዳፍንት የምንለው በማታ ያለማየት በሽታም የዚሁ ጉድለት የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ ካልታገዘ ኮርኒያው ይቈስላል። ጎመን፣ ካሮት፣ ወተትና ጉበት ይህን ይከላከላሉ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናትም በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ጠብታ ለዚሁ ነው።

አያቴ የሚኖሩት ጎጃም ውስጥ በገጠር ነው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የማይለዩት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ወረንጦ ነው። ዘወትር ረፋድ ላይ ደጃፍ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ጠርተው «ና ልጄ፣ አንተ ታያለህና ይኸን ጠጕር ንቀልልኝ» ይላሉ። የዐይናቸው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌናቸውን ይወጋቸዋል። እኔ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጀምሬ በክረምት ዕረፍት ይህን ስነቅል አድጌአለሁ። የተነቀለው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ አዲሱም አጭርና ሹል ስለሚሆን ከፊተኛው ይብሳል። ቀኝ ዐይናቸው ከብዙ ዘመን በፊት ነጥቶ ብርሃኑ ጠፍቷል። በቀረው በግራ ዐይናቸው ላይም ባለፈው ክረምት ከጠርዙ ወደ መካከል የሚሄድ ደመና የመሰለ ነገር አየሁ።

በሽታው የዐይን ማዝ ወይም ትራኮማ ነው። የሚያመጣውም ክላሚድያ የሚባል ባክቴሪያ ሲሆን በሕፃንነት ከቆሸሸ ፊት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። መጀመሪያ የሚገባው የዐይንን ቆብ ከውስጥ በኩል በሸፈነው ኤፒተልየም ሕዋሳት ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ቢይዝ ይድናል፤ ኤፒተልየሙም ይታደሳል። እየደጋገመ በመጣ ቁጥር ግን ከሥሩ ያለው አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ይጠብሳል፤ ጠባሳው እየተኮማተረ የቆቡን ጫፍ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዐይን በተገለጠና በተከደነ ቁጥር ኮርኒያውን ይቧጥጣል። በላይኛው ኤፒተልየም ላይ ብቻ የሆነ ጭረት በአንድ በሁለት ቀን ይሽራል፤ ጥልቅ የገባው ግን ነጭ ጠባሳ ትቶ ብርሃን ይጋርዳል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይታወራሉ፤ ዐይኑ የታመመውን ሕፃን የሚያቅፉት እነርሱ ናቸውና። በዓለም ላይ ካለው ትራኮማ ትልቁ ድርሻ የሚገኘውም በአገራችን ነው። አያቴ ዘጠኝ ልጆች አሳድገዋል።

ባለፈው መጋቢት ፋሲካን ከእኛ ጋር ሊውሉ በመጡ ጊዜ ነገሩን አነሣሁባቸው።

«እምዬ፣ ለምን ጤና ጣቢያ ሄደው አይታዩም?»

«በዐይኔ ስለት አላስገባም፤ አንዱ የጠፋው ይበቃኛል። ይኸ ወረንጦ ይኸን ሁሉ ዘመን አኑሮኛል።»

«ስለቱ ዐይንዎን አይነካም፤ የሚቈረጠው ቆቡ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ ስለ ታጠፈ ወደ ውጭ ይመልሱታል።»

«እንደ ቀሚስ ዘርፍ ማለትህ ነው?»

«አዎን እምዬ፣ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ተገልብጦ ይሰፋል።»

ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የብሌኑ ልብስ ስንት ረድፍ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ጠጕር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚፍቀው፣ ረድፉ ካለቀ በኋላ ምን እንደሚሆን ከደብተሬ ሥዕል እያሳየሁ ነገርኋቸው። ሥዕሉን አላዩትም፤ ሰሙኝ ግን። «ጨጓራውን እንደምንፍቀው ነዋ» አሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም። «እንግዲያስ ፋሲካ ይለፍ» ብለው ተነሡ።

ፋሲካ አለፈ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ አጎቴ በወረዳቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ቆቡን በመርፌ አደንዝዞ ሠራላቸው፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ወሰደ፤ ገንዘብም አልተጠየቁም። በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። ቀኝ ዐይናቸው እንደ ነበረ ነው፤ ኮርኒያው ላይ ያለውን ጠባሳ ቆብ ማዞር አያስለቅቀውም። በግራው ያየሁት ደመናም አልጠፋም፤ በዚህ ክረምት ሄጄ ስመለከተው ግን ከነበረበት አልፎ አልሄደም፤ አንድም ጠጕር ኮርኒያውን አይነካም። ምስር ሲለቅሙ ጠጠሩን ራሳቸው ያወጣሉ።

ወረንጦዋ አሁንም በነጠላቸው ጫፍ ታስራ ትገኛለች። የልጅ ልጆቻቸው ከከብት ጥበቃ ሲመለሱ ደጃፍ አስቀምጠው ከተረከዛቸው እሾኽ ይነቅሉባታል።